ወግ አጥባቂ መጀመሪያ ራሱን ይግዛ? ስለ ስካር፣ ስለ ቂምና ስለ ፖለቲካ ጥቃት ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ከአንድ አባላችን የመጣ ነው። «ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሰው የፖለቲካ ጥቃት እንዲቆም ከፈለገ ከራሱ ይጀምር፤ ከመጠጥ መታቀብና ቁጣን መግዛት የዜግነት ግዴታ ነው» ይላል። የምትስማሙም የማትስማሙም ግቡ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁኑ። ተሳዳቢ ይወገዳል።

ሥርዓት ይቅደም፦ ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ግን አዲስ አይደለም። የብሪታንያው ፖለቲከኛና የወግ አጥባቂነት አባት የሚባለው ኤድመንድ በርክ በ1791 ለአንድ የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ አባል ሲጽፍ፣ ሰዎች ለነጻነት የሚበቁት በገዛ ምኞታቸው ላይ ልጓም ለማስገባት በፈቀዱበት ልክ ነው ብሏል። የውስጡ ልጓም ሲላላ የውጪው ይጠብቃል፤ ፖሊሱ ይበዛል፣ እስር ቤቱ ይሰፋል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊንከንም በ1838 ስፕሪንግፊልድ ላይ ስለ መንጋ ፍርድ ሲናገር፣ አገሪቱን የሚያጠፋት ከውጭ የሚመጣ ጦር ሳይሆን ከውስጥ የሚነሳ ሕግ አልባነት እንደሆነ ተናግሯል። መድኃኒት ያደረገውም የረጋ አእምሮንና ሕግን ማክበርን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 22 ቀን 1842፣ በዚያው ከተማ መጠጥ ለተዉ ሰዎች ማኅበር ንግግር አደረገ። ለእኔ ሁለቱ ንግግሮች አንድ ሐሳብ ናቸው፤ ራሱን መግዛት ያቃተው ሕዝብ ራሱን በራሱ ማስተዳደር አይችልም።

የታሪክ ጠያቂ፦ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ታሪክ አይደግፍህም። የፈረንሳይ አብዮት የሽብር ዘመን መሪ ሮቤስፒየር ሰካራም ነበር? ሂትለርስ? ከመጠጥ የሚርቅ ሰው እንደነበር ይታወቃል። ኅዳር 8 ቀን 1923 ሙኒክ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥቱን ያወጀው ቢራ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የመራው ግን ጠጪ አልነበረም። በማግስቱ በሰልፉ ላይ አራት ፖሊሶች ሞቱ። በእቅድ የሚገድሉ ሰዎች ብዙዎቹ ጥንቁቅ፣ ቁጥብ፣ ሥርዓት የሚወዱ ናቸው። ራስን መግዛት ችሎታ ነው፤ ለጽድቅም ለግድያም ያገለግላል።

የሊንከንን ሞት ራሱን እንይ። ሚያዝያ 14 ቀን 1865 ገዳዩ ቡዝ ከመተኮሱ በፊት ከቲያትር ቤቱ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ገብቶ ጠጥቷል። ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጆንሰንን እንዲገድል የታዘዘው ጆርጅ አትዘሮት ግን ጆንሰን ባረፈበት ሆቴል ቡና ቤት ተቀምጦ ሲጠጣ ወኔው ከዳው፤ ክፍሉን ሳያንኳኳ ወጥቶ ሄደ። ፕሬዚዳንቱን እንዲጠብቅ የተመደበው ፖሊስ ጆን ፓርከር ደግሞ ቦታው ላይ አልነበረም፤ መጠጥ ቤት ነበረ የሚሉም አሉ። በአንድ ሌሊት መጠጥ አንዱን ገዳይ ሲያበረታ ሌላውን ሲያልፈሰፍስ አየን። ከዚህ ምን ሕግ ይወጣል?

ሲስተር ሌሊት፦ ሕግ ይወጣል፤ የጠበቅኸው ዓይነት አይደለም እንጂ። በ1990 ስቲልና ጆሴፍስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ነገሩን እንዲህ አቀረቡት። አልኮል ቁጣን አይፈጥርም፤ የትኩረትን ስፋት ያጠብባል። የጠጣ ሰው ፊት ለፊቱ የተጋረጠውን፣ ጎልቶ የሚታየውን ነገር ብቻ ያያል፤ ከጀርባው ያለው መዘዝ፣ ሕጉ፣ ነገ፣ ልጆቹ ከዓይኑ ይሰወራሉ። ፊቱ ያለው ስድብ ከሆነ ስድቡ ዓለሙን ይሞላዋል፤ ፍርሃት ከሆነ ደግሞ ፍርሃቱ ይሞላዋል። የአትዘሮትን ልብ መርምሬ አላውቅም፤ ነገሩ ግን ከዚህ ጋር አይጣላም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለዩ። የታቀደ ግድያ ላይ የመጠጥ ድርሻ ትንሽ ነው። ድንገት የሚፈነዳ የአደባባይ ረብሻ ላይ ግን ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም አደባባይ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሁልጊዜ ማነሳሻው ነው፦ መፈክሩ፣ የተወረወረው ጠርሙስ፣ የወደቀው ጓደኛ።

ቁጥር ለሚወዱ፦ ጉበት በደም ውስጥ ያለውን አልኮል የሚያወርደው በሰዓት በአማካይ 0.015 በመቶ ገደማ ነው። 0.15 በመቶ የደረሰ ሰው ጨርሶ እስኪጠራ አሥር ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥኑትም፤ የሚተርፈው ንቁ ሰካራም ነው፣ እሱ ደግሞ ከተኛው ይብሳል። ሰልፍ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው መጠጥ ቤት የሚዘጋ ባለሥልጣን ለሪፖርት ነው የሚዘጋው።

ሥርዓት ይቅደም፦ አመሰግናለሁ ሲስተር፤ ለመከራከሪያዬ የሚያስፈልገኝን ሰጠሽኝ። ሕንድን ተመልከቱ። በ1951 የምርጫ ሕግ አንቀጽ 135ሐ መሠረት ድምፅ መስጫው ከሚዘጋበት ሰዓት በፊት ባሉት 48 ሰዓታት በምርጫ ክልሉ ውስጥ አልኮል መሸጥም ማደልም ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም እስከ 2000 ሩፒ ነው፣ ወይም ሁለቱም። አርባ ስምንት ሰዓት ለማንኛውም ጉበት ይበቃል። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮችም የምርጫ ሰሞን «ደረቅ ሕግ» አለ። ይህ ጨቋኝነት አይመስለኝም።

የታሪክ ጠያቂ፦ ለሁለት ቀን ይሁን። ግን ከሁለት ቀን ወደ ሁለት ዓመት የሚያሻግር ሰው አይጠፋም። ሩሲያ በ1914 ለጦርነት ስትከት ምልምሎች ሰክረው ሱቅ እየሰበሩ ነበርና ዛሩ ቮድካ አገደ። እገዳው ለጦርነቱ ዘመን በሙሉ ተራዘመ። ቮድካ የመንግሥት ሞኖፖል ነበር፤ ከግምጃ ቤቱ ገቢ ሩብ ያህሉ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ገቢው ደረቀ፣ ገበሬው በየቤቱ መጠጥ ማውጣት ጀመረ፤ በ1917 አብዮቱ የፈነዳው መጠጥ በሕግ በታገደበት አገር ነው። ከጥቅምቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ሕዝቡም ወታደሩም የዛሩን የክረምት ቤተ መንግሥት የወይን ጓዳ ሰበሩ፤ ቦልሼቪኮች ለቀናት ሊያስቆሟቸው አልቻሉም። እገዳው ጥማትን አላጠፋም፣ አቆየው እንጂ።

ነጻ ሐሳብ፦ እኔ ወግ አጥባቂ ስላልሆንኩ በግልጽ ልናገር። ችግሩ መታቀብ ላይ አይደለም፤ ታቃቢው ራሱን ከጠጪው ከፍ አድርጎ ማየት ሲጀምር ነው። የመጠጥ ተቃዋሚዋ ካሪ ኔሽን ከ1900 ጀምሮ ካንሳስ ውስጥ በድንጋይ፣ ኋላም በመጥረቢያ መጠጥ ቤት እየሰበረች ዞራለች። እሷስ የሰበረችው ጠርሙስና መስታወት ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ግን የነጭ የበላይነት አራማጁ ቡድን ኩ ክላክስ ክላን ራሱን የሕጉ አስከባሪ አደረገ። በኢሊኖይ ዊሊያምሰን አውራጃ፣ ከ1923 መጨረሻ ጀምሮ፣ የክላን አባላት መጠጥ ፍለጋ በሚል ቤት ለቤት ገቡ፤ በዋነኝነት የጣሊያን ስደተኞችንና ካቶሊኮችን ነበር የፈለጉት። ነገሩ በተኩስና በሬሳ አለቀ። ሥርዓት ይቅደም፣ እነዚህ ሰዎች «መጀመሪያ ራሳችንን እንግዛ» አላሉም፤ «መጀመሪያ እነሱን እንግዛ» ነው ያሉት። የአንተ ሐሳብ ወደዚያ እንዳይንሸራተት የሚከለክለው ምንድን ነው?

ሥርዓት ይቅደም፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ ሊንከን በ1842 የተናገረው ነው፤ ጠጪን የሚያወግዝ ሰባኪ አንድም ሰው አይመልስም፣ ወዳጅ ሆኖ የሚቀርብ ይመልሳል። ግዴታ ስል የግል ግዴታ ማለቴ ነው። ጎረቤቱ ላይ የሚጭነው ሰው ወግ አጥባቂ አይባልም።

አራተኛ ደረጃ፦ እስካሁን ስለ ጠርሙሱ ነው ያወራችሁት። ስለ ሱስ ማገገሚያ የሚያውቅ ሰው ግን መጠጡን ያቆመ ሁሉ ከስካር ወጣ አይልም። ጠርሙሱን ጥሎ ንዴቱን ይዞ የሚዞር፣ ሁሉን የሚከስ፣ ማንንም የማይምር ሰው አለ፤ በማገገሚያው ዓለም «ደረቅ ሰካራም» ይሉታል። የእኛም አባቶች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ጨርሰውታል። የታሪክ ጠያቂ የጠቀሳቸው ጥንቁቅ ገዳዮች እዚህ ይገባሉ።

ሊንከን ንግግር ያደረገለት ማኅበር በ1840 ባልቲሞር ውስጥ ስድስት ጠጪዎች የመሠረቱት የዋሽንግተናውያን ማኅበር ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ አባላት አፈራ፤ በዚያው ፍጥነት ፈረሰ። አንዱ ምክንያት በክልከላ ፖለቲካና በሌሎች የጊዜው ሙግቶች መጠላለፉ ነው። በ1935 አክሮን ኦሃዮ የተጀመረው አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ከመጠጥ ሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ማኅበር፣ ከዚህ ውድቀት ትምህርት ወስዷል፤ «ልማድ» ከሚላቸው ደንቦቹ አሥረኛው ማኅበሩ በውጭ ጉዳዮች ላይ አቋም እንደሌለው ይደነግጋል። አንድ ክፍል ውስጥ የሁለት ፓርቲ ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለፖለቲካ የሚጠቅመው ግን ከማኅበሩ የማገገሚያ ደረጃዎች አራተኛው ነው። ቂም ከሁሉ የከፋው ጠላት ነው ተብሎ ስለሚታመን በወረቀት ላይ ይዘረዘራል። አንደኛ ዓምድ፦ የተቀየምኩት ማንን ነው። ሁለተኛ፦ ምን አደረገኝ። ሦስተኛ፦ የነካብኝ ምኔን ነው፤ ክብሬን፣ ኪሴን፣ ደኅንነቴን፣ ቤተሰቤን። አራተኛ፦ የእኔ ድርሻ የቱ ነው፤ የት ራስ ወዳድ፣ ዋሾ፣ ፈሪ ነበርኩ። አምስተኛው ደረጃ ላይ ይህን ለሌላ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ይከተላል።

የፖለቲካ ቂም ላይ ሲሠራ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንደኛው ዓምድ ላይ «ግራዎቹ» ወይም «ቀኞቹ» ተብሎ ከተጻፈ ሥራው እዚያው ቆመ፤ ቡድን ይቅር ሊባልም ሊጠየቅም አይችልም፣ የአንድ ሰው ስም ወይም የአንድ ድርጊት ቀን ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዓምድ ሦስት ገጽ ሞልቶ አራተኛው ባዶ ከቀረ የተጻፈው የክስ መዝገብ ነው። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይገረማል፤ «አገሬ» ብሎ የጀመረው መጨረሻ ላይ «ክብሬ» ሆኖ ይገኛል። የሚያነቡለትን ሰው ከራስ ካምፕ መምረጥም ትልቅ ስህተት ነው፤ አድማጩ እያጨበጨበ ቂሙን አወፍሮ ይመልሰዋል።

ነጻ ሐሳብ፦ በእውነት የተበደለ ሰውስ? ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አራተኛው ዓምድ ላይ ምን ይጻፍ? ይሄ ነገር ተበዳይን ዝም ማሰኛ እንዳይሆን።

አራተኛ ደረጃ፦ ባዶ ይተወው። ያልሠራውን ኃጢአት ፈጥሮ እንዲጽፍ አይጠየቅም። ቤቱን ያቃጠለው ይከሰስ፣ ካሳ ይክፈል። ዓምዱ የሚጠይቀው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው፦ በበደሉ ስም እሱ ደግሞ ማንን ጎዳ?

ሥርዓት ይቅደም፦ ይህን ወደ ራሴ ጎራ ላምጣው፤ ለእኛ ፈተናው እዚህ ነውና። የአሜሪካው ወግ አጥባቂ የፖለቲካ አቀንቃኝ ቻርሊ ኪርክ መስከረም 10 ቀን 2025 ዩታ ውስጥ በተገደለ ጊዜ ብዙ የእኛ ሰዎች በቀልን ጠሩ። መስከረም 21 በመታሰቢያው ላይ ባለቤቱ ኤሪካ ገዳዩን ይቅር እንዳለች ተናገረች። በዚያው መድረክ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚህ ነጥብ ከኪርክ እንደሚለዩ፣ ተቃዋሚዎቻቸውን እንደሚጠሉ ተናገሩ። ትራምፕ ደግሞ አልኮል የማይቀምሱ ሰው ናቸው። ወግ አጥባቂ ከሁለቱ የቱን ይከተል ለሚለው እኔ መልሴ ግልጽ ነው፦ መበለቲቱን።

ነጻ ሐሳብ፦ እስማማለሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 የሚኒሶታዋ ዴሞክራት ሜሊሳ ሆርትማን ከባለቤቷ ጋር ቤቷ ውስጥ ስትገደል ገዳዩ የመጣው ፖሊስ መስሎ ነው። ያን ጊዜ ከእናንተ ጎራ የቀለዱ ነበሩ። ከእኛም ለኪርክ ሞት የጨፈሩ ነበሩ።

የታሪክ ጠያቂ፦ ስለ በጎ ስሜት ከተስማማን ወደ ተግባር እንግባ። የፓርቲ ወይም የሰልፍ አስተባባሪ ነገ ምን ያድርግ?

ሲስተር ሌሊት፦ የሰልፍ አስከባሪዎች ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ አይጠጡ። ስብሰባው መጠጥ በሚሸጥበት አዳራሽ አይደረግ። ምግብና ውሃ ቀድሞ ይቅረብ፤ ባዶ ሆድ አልኮልን ቶሎ ወደ ደም ያስገባል። የሰከረን ሰው አስከባሪው በሕዝብ ፊት አይሟገተው፤ ያ አዲስ ማነሳሻ ነው። ሁለት ሆነው ወደ ጎን ያውጡት፤ ጓደኛው ቢያወጣው ደግሞ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በእናንተ ክርክር ተነሳስቶ ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ብቻውን በአንድ ጊዜ እንዳያቆም። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅዠትና መዘባረቅ ከተከተለ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሐኪም መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየሰጠ ቢያስቆመው ይህን ማለፍ ይቻላል። የሕንዱን 48 ሰዓት የሚያደንቅ ሕግ አውጪም በዚያ ሰሞን ድንገተኛ ክፍሉን ያዘጋጅ። ጥቁር ገበያውንም ያስብ፤ ከሜታኖል ጋር የተቀላቀለ መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል።

የታሪክ ጠያቂ፦ አራተኛ ደረጃ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቂሙን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ የለጠፈ፣ ወረቀቱን ለመጻፍ የማይፈልግ ሰው ምን ይደረጋል?

አራተኛ ደረጃ፦ በዚህ ዘዴ ምንም። ያልፈለገን ሰው የሚያሻሽል ደረጃ የለም።

ሥርዓት ይቅደም፦ እሱን ለዳኛ እንተወው። ግን የሲስተርን የአስከባሪ ደንብ ወደ ፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ ማስገባት እፈልጋለሁ፤ የሚቃወም አለ?

ነጻ ሐሳብ፦ እኔ አለሁ። ለአስከባሪዎች ይሁን፤ ለአባላት በሙሉ ካላችሁ ግን ዊሊያምሰን አውራጃን እንደገና ማንሳቴ አይቀርም።