ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ ዕቃ በሞተር የጎተተ ሰው አለ?

ጥገናው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የፎገራ ሽንኩርትና ሩዝ አምራቾች ናቸው። በጋውን ከርብና ከጉማራ ውሃ ሲስቡበት ስለሚቆዩ ፓምፑን የሚያሠሩት ክረምት ላይ ነው። ክረምት ደግሞ መንገዱን ታውቁታላችሁ። እስከ ወረታ አስፋልት ነው፣ ምንም አይል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ስትታጠፍ ግን ዋልካው ይውጥሃል።

በ150 ሲሲ ሞተሬ የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ራሴ በይጄ ሠራሁ። ፓምፕ፣ ጀነሬተር፣ ብየዳ ማሽንና የመፍቻ ሳጥን ሲጫንበት ሁለት ኩንታል ይጠጋል። ያሰርኩት በገመድ ነው (አትሳቁ)። ባለፈው ሳምንት ጎማው ጭቃ ጠቅጥቆ አልዞርም አለ፣ ገፍተን ገፍተን ስናወጣው ደግሞ ወደ ጅረቱ መውረጃ ላይ ፍሬን ስይዝ ተጎታቹ መጥቶ ከኋላ ገጨኝና እኔም ሞተሩም ጀነሬተሩም ቦይ ውስጥ ገባን።

ካናዳ ያለ የአጎቴ ልጅ የበረዶ ሞተር (በረዶ ላይ የሚነዳ) ሸርታቴ ሲጎትት የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። ሸርታቴው ጎማ የለው ምን የለው፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት ሰንጥቄ እንደዚያ ብሠራ ያስኬዳል? ወይስ ገንዘቤን ጭቃ ውስጥ ልጥል ነው?

የፎገራ ልጅ፦
እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ዋልካ ሁሌ አንድ ዓይነት እንዳይመስልህ። ውሃ ከላዩ ሲተኛ ያንሸራትታል፣ ያኔ በርሜልህ ይሄድልሃል። ዝናቡ ቆሞ ትንሽ ፀሐይ ሲያገኝ ግን እንደ ሊጥ ነው፣ የያዘውን አይለቅም። ደርቆ ሲጠነክር ደግሞ ጎማው ይበቃሃል። ዋናው ችግርህ ሞተሩ ነው። ቆሞ በባዶው የሚሽከረከር የኋላ ጎማ ምን ይጎትታል? የተጎታቹን ፓራፋንጎ አውልቀው፣ ቢያንስ ጭቃው መውደቂያ ያገኛል። እኛ ሰፈር ክረምት ላይ ከባድ ነገር የሚያወጣው በሬ ነው። ለባለፓምፑ ደውልለት፣ በሬውን ጠምዶ ይጠብቅህ። አንተ ሞተርህን አስፋልቱ ዳር አቁመህ ሻይህን ጠጣ።

ብርድ የለመደ፦
እኔም ካናዳ ነኝ። ክረምት ዓሣ ለማጥመድ በረዶ ሆኖ የረጋ ሐይቅ ላይ እንወጣለን (ጣና ረግቶ ሞተር ሲነዳበት አስቡት እስቲ)። የበረዶ ሞተር ከኋላው የሚዞር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለው፣ ክብደቱን ስለሚበትንለት ቶሎ አይሰምጥም። ያንተ ሁለት ቀጭን ጎማ ነው፣ አታወዳድረው።

ገመዱን ግን ዛሬውኑ ጣለው። እዚህም በገመድ የጎተተ ሰው ቁልቁለት ላይ ሸርታቴው መጥቶ ይገጨዋል። የምንጠቀመው ብረት ነው፦ ከሸርታቴው ግራና ቀኝ ሁለት ቱቦ ይነሳና ሞተሩ ጋ ተገናኝቶ በአንድ ፔርኖ ይያዛል። ፔርኖው ትንሽ ላላ ይበል፣ መንገዱ ሲነሳና ሲወድቅ ብረቱን እንዳይሰብረው። ሱስታ ብታስገባበት ደግሞ መንጨቁን ይቀንስልሃል። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ መሃል ላይ አድርገው። አፍንጫው ከከበደ መሬቱን ያርስልሃል! በሸራ ጠቅልለህ እሰር፣ እኛን ሞተሩ በረዶ ይረጭብናል፣ አንተን ጭቃ። ጉብታ የበዛበት መንገድ ላይ ቶሎ ልለፈው ብሎ የሚከንፍ ሰው ዕቃውን ሲለቅም ያመሻል፣ ከራሴ ነው የምነግርህ።

ማታ ስናቆም ሸርታቴውን እንጨት ላይ እናሳርፈዋለን። አለዚያ ሌሊት ከበረዶው ጋር ይጣበቅና ጠዋት አይነቀልም። የፎገራው ልጅ ስለ ሊጡ ሲያወራ እሱ ትዝ አለኝ።

ዘጌ ማዶ፦
ሐይቁ ዳር ላሉት ደንበኞችህ ለምን በጀልባ አትሄድም? ጠዋት ብቻ ውጣ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። በታንኳ ግን እንዳትሞክረው፣ ደንገሉ ሲከርም ውሃ ይጠጣል።

ጥገናው፦
ተባረኩ ሁላችሁም። ጀልባው ዋጋው አልቀመስ አለኝ። ገመዱን ጥዬ ቱቦ በየድኩበት። በርሜሉንም ሰነጠቅኩት፣ የጎተተው ግን በሬ ነው፣ የፎገራ ልጅ ደስ ይበልህ። ውሃ የተኛበትን ሜዳ ሁለት ፓምፕ ጭኖ ሳይሰምጥ ወጣ። በሬዎቹ መጀመሪያ የበርሜሉን ሲጥሲጥታ ፈርተው ሊበረግጉ ነበር፣ ባለቤቱ ከፊት ከፊት እያባበለ ወሰዳቸው። ግን ጠጠር ያለበት ጋ ስንደርስ የበርሜሉ ሆድ ተቀደደ። ከሥሩ ምን ላድርግበት? ላሜራ ይከብዳል። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ብመታበትስ?

የፎገራ ልጅ፦
ጎማ ይይዝሃል፣ አይንሸራተትም። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በቁመቱ ከሥሩ እሰርበት፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ ጥረበው። ሲያልቅ ትቀይረዋለህ፣ አጣና እኔ ጋ ሞልቷል።