የሟች አንጎል ለምርምር ይሰጥ? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ክርክር

የብሎክ 9 ልጅ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ለቅሶ ቤት የጀመርነውን ወሬ እዚህ እንጨርሰው። አያቴ ሰባት ዓመት ሙሉ እየረሳች ኖራ ሞተች፣ መጨረሻ ላይ እኔን በአባቴ ስም ነበር የምትጠራኝ። አንዱ ጃጀች አለ፣ አንዱ ዛር ነው አለ፣ ሐኪሙ ደግሞ ግፊት አለን። ቀበርናት፤ ምን እንደነበረ ግን እስከዛሬ አናውቅም። እኔ ቤተሰብ ከፈቀደ አንጎል ይመርመር ባይ ነኝ።

እትዬ (ብሎክ 3)፦ ነፍስ ይማር ልጄ። ግን ሰው ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ሙሉ አካሉን ይዞ ነው አፈር የሚገባው። ስቃይዋ አንሶ ጭንቅላቷን ልትከፍቱ?

ነርሷ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ፊት አይነካም። ከአንዱ ጆሮ ኋላ ተነስቶ በአናት በኩል ወደ ሌላኛው ይቀደዳል፣ ተመልሶ ይሰፋል፤ ከተገነዘ ማንም አያይም። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የታወቀውም እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አንዲት ጀርመናዊት ሞተች፤ ዶክተር አሎይስ አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ከሴሎቹ ውጪ የተጠራቀመ ዝቃጭ፣ ውስጣቸው ደግሞ የተተበተበ ክር አገኘ። በሕይወት እያለች አክሟት ነበር እኮ!

ብሎክ 14፦ እሺ ታየ፣ ከዛስ? ከ100 ዓመት በላይ ሆነው፣ መድኃኒቱ የታል?

የብሎክ 9 ልጅ፦ ለአልዛይመር ልክ ነህ፣ የሚያድን የለም። እጅ የሚያንቀጠቅጠውን ፓርኪንሰንን ግን እይ። እ.ኤ.አ. በ1960 ቪየና ላይ የሟቾችን አንጎል ለክተው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም እንደጎደለ አዩ፣ በዓመቱ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚቀየረውን ሌቮዶፓን ለሕመምተኞች ሰጥተው ሞከሩት። ጋሼ የሚውጡት ኪኒን ከዛ የመጣ ነው።

የሐያት አባት፦ እኛ ጋ ጀናዛ አይዘገይም። ለምርምር ብላችሁ ስንት ቀን ልታስቀምጡ ነው?

ነርሷ፦ አስከሬኑ አይቆይም፣ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። አንጎሉ ግን ትኩሱ እንደ ቅቤ ለስላሳ ስለሆነ እስኪጠነክር ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣል።

እትዬ (ብሎክ 3)፦ እና እኛ ቀብረን ስንመለስ እሱ እዛ ብልቃጥ ውስጥ ነው? በኋላስ የት ይቀበራል?

ነርሷ፦ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። ይህን ለቤተሰብ ሳይነግሩ ማስፈረም ነውር ነው።

ጋሼ (ጡረተኛ መምህር)፦ ዓይን ለመስጠት ቃል የገባን አለን፣ ምክንያቱም የሚያይበት ሰው አለ። አንጎል ሲሰጥ ማን እንደሚድን አይታይም፣ የከበደው እሱ ነው። ደግሞስ ማን ይፈርማል? የመርሳት በሽታ የጠናበት ሰው ገብቶት አይፈርምም፣ ልጆቹ ደግሞ ይጣሉበታል። እኔ እጄ ቢንቀጠቀጥም ጭንቅላቴ ደህና እያለ ዘንድሮ ልፈርም ነው፤ የሚቀበለኝ ካለ።

ብሎክ 14፦ ጋሼ ኧረ ተው!

የብሎክ 9 ልጅ፦ አያቴም ያኔ ቢገባት እሺ ትል ነበር።

ነርሷ፦ በዛ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አንድ በሽታ ብቻ አይገኝም። አልዛይመሩም፣ ግፊት ያመጣው ጥቃቅን ስትሮክም ተደባልቆ ይታያል። ሐኪማችሁ ግማሽ እውነት ነግሯችሁ ሊሆን ይችላል።

እትዬ (ብሎክ 3)፦ እኔ አልፈርምም፣ አለቀ። ግን የግፊት ኪኒኔን ካቋረጥኩ ሰነበትኩ፤ ነገ ጠዋት ብቅ በይና ለኪኝ።