ጥያቄ፦ 1911 ሽጉጥ እስከ ዛሬ ለምን ይወደዳል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዒላማ ተኩስ መለማመድ ጀምሬያለሁ። የራሴን ሽጉጥ ልገዛ ስል ባለ 9 ሚሊሜትር፣ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ዘመናዊ ሽጉጥ አማረኝ። ነባሮቹ ግን "መጀመሪያ 1911ን ሞክር" ይሉኛል። ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ካዝናው 7 ጥይት ብቻ ነው የሚይዘው። የድሮ ነገር ፍቅር ነው ወይስ የምር የሚበልጥበት ነገር አለ?

አንጋፋው፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው ቃታው ላይ ነው። የብዙ ሽጉጦች ቃታ ፒን ላይ ተሰክቶ ይዞራል። የ1911 ቃታ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ጥይቱን የሚያስፈነዳው መዶሻ ቀድሞ ስለተወጠረ የቃታው ሥራ እሱን መልቀቅ ብቻ ነው። ሳብ ስታደርገው ትንሽ ይሄድልሃል፤ ከዚያ ጥርት ብሎ ይለቃል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ቃታ ሲስብ እጁ አብሮ ስለሚሄድ ነው። አጭርና ቀላል ቃታ ይህን ስህተት በእጅጉ ይቀንስልሃል። ክብደቱንም አትጥላው፤ ርግጫውን የሚያበርደው እሱ ነው።

ብረት ወዳድ፦ እኔ ደግሞ አሠራሩን ነው የማደንቀው። ጆን ብራውኒንግ ነድፎት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀበለው። ከዚያ በፊት 6,000 ጥይት ተተኩሶበት አንዴም አልነከሰም፤ ማለትም ጥይት አልተቀረቀረበትም። እስከ 1985 ድረስ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቆየ። ሲተኮስ አፈሙዙ ከላይኛው ተንሸራታች ክፍል ጋር ተቆላልፎ ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዚያ የኋላ ጫፉ ዝቅ ይልና ይላቀቃል። አንተ ያማረህ ዘመናዊ ሽጉጥም በዚሁ በብራውኒንግ ሐሳብ ሳይሠራ አይቀርም!

ሞላ ፈቺዋ፦ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። የተሠራው ጫፉ ድቡልቡል ለሆነ ጥይት ነው። ጫፉ ክፍት የሆነውን ጥይት ስታጎርሰው ሊነክስ ይችላል፣ በተለይ የቆየ ከሆነ። ሲነክስብህ ሌላውን ከመነካካትህ በፊት ካዝናውን ቀይረህ ሞክር። ስትፈታው ደግሞ፣ ጥይት አለመኖሩን ካረጋገጥክ በኋላ፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የሞላ ክዳን በአውራ ጣትህ ጫን ብለህ ያዝ። ካመለጠህ ዓይን ያጠፋል። መልሰህ ስትገጥመውም ተንሸራታቹን የሚያቆመውን ዘንግ ቀስ ብለህ አስገባ። ከተቻኮልክ ጎኑ ላይ የማይለቅ ጭረት ይቀራል፤ ብዙ የሚያምሩ 1911ዎች ላይ አይቼዋለሁ፣ ያሳዝናል።

ጀማሪው፦ በጣም አመሰግናለሁ! እጄ ግን ትንሽ ነው። ይመቸኛል?

አንጋፋው፦ እንዲያውም ለትንሽ እጅ ከሚመቹት አንዱ ነው። ጥይቶቹ በአንድ ረድፍ ስለሚደረደሩ እጀታው ቀጭን ነው። በ1920ዎቹ ሲሻሻልም ቃታውን አሳጥረውታል። አንድ ነገር ልብ በል፤ እጀታው ጀርባ ላይ ያለው መቆለፊያ በመዳፍህ ካልተጫነ አይተኩስም። አጨባበጥህን ከፍ አድርገህ ልመድ።

ሞላ ፈቺዋ፦ የተለመደው 1911 የሚተኩሰው ወፍራሙ ባለ 45 ካሊበር ጥይት ከከበደህ 9 ሚሊሜትር የሚተኩስ 1911ም አለ። ሳትገዛ በፊት ግን ሁለቱንም ተውሰህ በየራሳቸው ወረቀት ላይ ተኩስባቸው። ቀዳዳዎቹ የቱ ላይ እንደተጠጋጉ አይተህ ወስን።