ሱቄ ዕዳ ውስጥ ገብቷል፤ ኪሳራ ላሳውጅ ወይስ ልታገል?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንኮ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ንግድ ፈቃዱ በግሌ ስም ነው። በ2015 ከባንክ 1.8 ሚሊዮን ብር ስበደር እናቴ ቤቷን አስያዘችልኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ ናረብኝ። በድሮው ዋጋ በዱቤ የወሰዱት ሰዎች ሳይከፍሉኝ እኔ በአዲሱ ዋጋ መልሼ መግዛት አቃተኝ። የዱቤ ደብተሬ ላይ ያልተከፈለኝ 640 ሺህ ብር አለ፤ አንዳንዱ ፊርማ ሲሚንቶ በነካው እጅ ስለተፈረመ ግማሹ ተፍቋል። ለአቅራቢዬ ደግሞ ቀኑ ወደፊት የሆነ የ400 ሺህ ብር ቼክ ሰጥቻለሁ። ባንኩን ሦስት ወር አልከፈልኩም። አሜሪካ ያለችው እህቴ «ባንክረፕሲ አስገባና ተገላገል» ትለኛለች። እዚህ ይሠራል? እናቴ ክፍያ ማቆሜን አታውቅም፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጠበቃ ነኝ፦ አይዞህ ወንድሜ። እህትህ የምትለው የአሜሪካ ሕግ ነው። እዚያ ቻፕተር 7 የሚሉት አለ። ሕጉ ከሚተውልህ ውጪ ያለው ንብረትህ ይሸጥና መያዣ የሌለው ዕዳ አብዛኛው ይሰረዛል፤ በክሬዲት ታሪክህ ላይ ግን እስከ 10 ዓመት ይቆያል። የእኛው በንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ውስጥ ያለው ነው፤ እሱም ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ደመወዝተኛ በዚህ በር አይገባም። አንተ ነጋዴ ስለሆንክ ትችላለህ። ደግሞ ሕጉ ወዲያው ክሰር አይልም፤ ከዚያ በፊት ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ ዕዳውን ማስተካከያና ንግዱን መልሶ ማደራጃ መንገድም አለው። ችግሩ ሌላ ነው። ፈቃዱ በስምህ ስለሆነ ሱቁና አንተ አንድ ናችሁ፣ የግል ንብረትህም ይገባበታል። የእናትህን ቤት ደግሞ ያንተ መክሰር አያድነውም፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን አምጣና እናንብበው።

ብድር ክፍል የሠራሁ፦ ማስጠንቀቂያው እስኪመጣ አትጠብቅ። ሰኞ ጠዋት ሂድ። የዱቤ ደብተሩን፣ የስድስት ወር ሽያጭህን፣ በወር ስንት መክፈል እንደምትችል የጻፍክበትን ወረቀት ይዘህ የብድር ጊዜ እንዲራዘምልህ በማመልከቻ ጠይቅ። ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታ። ስልኩን ዘግቶ የሚጠፋ ደንበኛ ነው ቶሎ ወደ ሐራጅ የሚላከው። ራሱ የመጣውን ሰው ማንም ለማባረር አይቸኩልም።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ የፈራሁልህ ቼኩን ነው። ባለቤቴ ዓመታት በፊት ለአንድ ጅምላ ሻጭ ቼክ ሰጥቶ ገንዘቡ ሳይሞላለት ቀረ፣ ፖሊስ ቤት ድረስ መጣ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ሲያዩ የነበረው ፊታቸው እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። እባክህ አቅራቢህ ጋ ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፣ ጥቂት ክፈል፣ የቀረውን በወር በወር ተዋዋል፣ ቼኩን ግን በእጅህ ሳትቀበል አትውጣ። «ቀድጄዋለሁ» ቢልህ እንዳትቀበል።

ጠበቃ ነኝ፦ እህቴ ያለችው ትክክል ነው። ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ከስሬያለሁ ማለት ክሱን አያስቀርም።

ባለሱቅ ከፖስታ ቤት፦ መኪና ካለህ በወንድምህ ስም አዙረው የሚሉህ ይመጣሉ። አታድርገው። ሲታወቅ ሽያጩም ይፈርሳል፣ አንተም ትከሰሳለህ። ተበዳሪዎችህን ግን ዛሬውኑ ዞረህ አዲስ የዕዳ ማመኛ አስፈርም፣ ከምስክር ጋር። ያ የተፋቀው ፊርማ ፍርድ ቤት ላይ ያስቸግርሃል።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ሣጥኗን ከፍታ የብድር ውሉን ቅጂ አወጣችልኝ፤ እኔ ጋ ያለው የት እንደገባ እንኳ አላውቅም ነበር። ጠበቃው ወንድሜ፣ ነገ ይዤልህ እመጣለሁ። ከተበዳሪዎቹ ሁለቱ ፈርመዋል፣ አንዱ 35 ሺህ ብር ሰጥቶኛል፣ እሱን ለአቅራቢዬ ይዤ ቅዳሜ ከአጎቴና ከዕድራችን ሰብሳቢ ጋር እሄዳለሁ። የኪሳራውን ነገር ባንኩ መልስ እስኪሰጠኝ አቆይቼዋለሁ።