ክረምቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጉድጓዳችን በየካቲት ለምን ይደርቃል?

ጠያቂ፦ የአቃቂ ዳር ነዋሪ

ከአባ ሳሙኤል ግድብ ብዙም በማይርቀው መንደራችን ቤተሰቤ በእጅ የተቆፈረ፣ 14 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አለው። ቀድሞ እስከ ግንቦት ውሃ አያጣም ነበር፤ አሁን ግን የካቲት ሲገባ ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣል። ከበላያችን አንድ ፋብሪካ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሯል፣ ከበታቻችን ደግሞ ጎረቤቶቻችን በሞተር ከወንዙ እየሳቡ ሽንኩርትና ቆስጣ ያጠጣሉ። በመንደሩ መወቃቀስ ስለተጀመረ፣ ማንንም ከመክሰሴ በፊት የውሃው ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሕጉስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?

መልስ፦ የውሃ ባለሙያ

የዘነበው ውሃ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን ሒሳብ በዓመት ስለሚዘጉት ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል። አካባቢያችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ ደግሞ፣ አፈሩ አንዴ ከራሰ በኋላ ውሃ እምብዛም ስለማያሳልፍ ዝናቡ ላዩ ላይ ተኝቶ ይተናል ወይም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ሒሳቡን ለበጋው ለብቻው ይሥሩት።

መስኖውን በቁጥር እንየው። በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። የአትክልቱ ማሳ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያተናል ብንል፣ 1 ሄክታር በየቀኑ 50 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 2,500 ጀሪካን ይጠጣል፤ በቦይ የሚባክነው ገና አልተቆጠረም። ይሁንና ጎረቤቶችዎ እርስዎን የሚጎዱት ወንዙ ጉድጓድዎን የሚመግብ ከሆነ ነው። የፋብሪካው ውሃም በሸክላማ ንብርብር ከእርስዎ የተለየ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይዘው፣ ማለዳ ማንም ሳይቀዳ የውሃውን ከፍታ በየቀኑ ይለኩ፤ ፋብሪካው ሥራ የሚያቆምባቸውን ቀናትና ሞተር የሚነሳባቸውን ሰዓታት አብረው ይመዝግቡ።

መልስ፦ ሌላ ተሳታፊ

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማንኛውም አገልግሎት በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የፋብሪካው ጥልቅ ጉድጓድ ግን ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ምን ያህል እንዲስብ እንደተፈቀደለት የመጠየቅ መብት አላችሁ ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በበጋ በአቃቂ የሚፈስሰው ውሃ በአመዛኙ የከተማዋ ፍሳሽ ነው፤ ከፊሉ በለገዳዲና በገፈርሳ ግድቦች ተጠራቅሞ በየቤቱ ካገለገለ በኋላ ቆሽሾ ወደ እናንተ ይወርዳል። ከእናንተ አልፎም አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል፣ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ያጠጡበታል፣ የተረፈው አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። ጉድጓዱ ሲደርቅ ልጆቹ ወደ ወንዙ እንዳይሄዱ እባክዎን ይጠንቀቁ።

ጠያቂ

ለሦስት ሳምንት ለካሁ። ፋብሪካው ለበዓል በተዘጋባቸው አራት ቀናት ውሃው ምንም አልጨመረም፤ የጎረቤቶቻችን ሞተር በተበላሸበት ሰሞን ግን ገመዱ አንድ ክንድ ያህል ቀድሞ ረጠበ። በልቤ ስከስሰው የኖርኩት ፋብሪካውን ስለነበር ውጤቱ ከብዶኛል። ነገ ማለዳ መዝገቡን ይዤ ወደ ጎረቤቶቼ እሄዳለሁ፤ የመስኖውን ተራ ስለማራራቅ እንነጋገራለን።