በ41 ዓመት ሙዚቃ ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባት የልጅ ወንበር መንጠቅ ነው?

መምህርቷ፣ ከሐይቅ፦
ሰላም የወሎ ልጆች። አንድ ጉዳይ ላውጣና ተከራከሩበት። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። ክራር ከልጅነቴ ጀምሮ እደረድራለሁ። አሁን በሙዚቃ ዲግሪዬን ልያዝ ብዬ ቆርጬ ተነስቻለሁ። ይህን ቤት ውስጥ ሳወራ የባሌ እህት "የመንግሥት ወንበር የልጆች ነው፤ በዚህ ዕድሜሽ ከልጅ ልትነጥቂ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ለትልቅ ሰው፣ ያውም ለሙዚቃ፣ ቦታ መስጠት አለበት ወይስ የለበትም? እኔ አለበት ባይ ነኝ። ከአራቱ የሙዚቃችን ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው። አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪዬ "ቲቸር፣ አምባሰል ከትዝታ በምን ይለያል?" ብሎ ጠየቀኝ። ደርድሬ አሰማሁት። "ሰማሁ፣ ግን ለምን ተለየ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የባንክ ሠራተኛው፣ ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። የባልሽ እህት ያለችው እውነት አለው። አራት ዓመት ተምረሽ ስትጨርሺ 45 ይሞላሻል። ጡረታ በ60 ነው። አገሪቱ ከአንቺ የምታገኘው 15 ዓመት ነው። በ22 ዓመቱ የሚመረቀው ልጅ 38 ዓመት ያገለግላል። ደግሞ ሙዚቃ እንደ አካውንቲንግ አይደለም። አካውንቲንግ ላይ መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ይማራል። መሣሪያ ግን አስተማሪና ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንበር ውድ ነው። ውድ ነገር ብዙ ዓመት ለሚያገለግል ይሰጥ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከወልድያ፦
ወንድሜ፣ "ወንበር ተነጠቀ" የምትለው ሞልቶ ቢሆን ነበር። በ2015 የ12ኛ ክፍልን ፈተና 845 ሺህ ገደማ ተማሪ ወሰደ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው። 27 ሺህ ገደማ ልጅ ማለት ነው። በ2016ም 5.4 በመቶ ነበር። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው የወደቁት፤ ቁጥሩን ስጽፈው ያመኛል። ልጆቹን የከለከላቸው የ41 ዓመት ሴት አይደለችም።

የባንክ ሠራተኛው፦
የጠቅላላው ቦታ ባዶ መሆኑ የሙዚቃው ቦታ ባዶ ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስንት ሰው ይቀበላል? ትንሽ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያ ትንሽ ነው።

እናት፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦
እኔ ስለ ወንበሩ አላውቅም። ስለ ቤቱ ግን አውቃለሁ። ባለቤቴ በ40 ዓመቱ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ። ደሴና አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ አይመጣም። ሦስት ልጅ ይዤ ቀረሁ። አንዱ ሲታመም፣ ኪራይ ሲጨመር፣ ብቻዬን ነበርኩ። እሱ ሲመረቅ ሁሉም አጨበጨበ። ትምህርቱን አልጠላም፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ግን የሚማረው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ቤተሰብ ነው። ልጄ፣ ባልሽን ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። "እሺ" ሲልሽ ፊቱን እዪ።

አባባ፣ ከውጫሌ፦
ልጆች፣ እኔ ክራር ከያዝኩ 50 ዓመት አለፈኝ። ዩኒቨርሲቲ አላየሁም። ሰርግ ላይ "አምባሰልን ስጡን" ሲሉኝ እሰጣለሁ። ለኔ ያስተማረኝ ጆሮዬና የጎረቤቴ እጅ ነው። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ተምረው የመጡ ልጆች ክራሬን በፒያኖ ልክ ሊቃኙልኝ ይሞክራሉ። "ይህቺ ክር ትንሽ ወርዳለች" ይሉኛል። አልወረደችም! እኔ ያወረድኳት ናት፤ ለቅሶዋ እዚያ ላይ ነው። ልጄ፣ ደርድረሽ ካሰማሽው ለዚያ ሕፃን መልሰሽለታል። ምን ልትጨምሪ ነው?

መምህርቷ፦
አባባ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። እንዲህ ልመልስ። ባለፈው ክረምት ሙዚቃ የተማረ አንድ ልጅ አገኘሁና ያንኑ የተማሪዬን ጥያቄ ጠየቅኩት። ከሁለቱ የትዝታ ዓይነቶች አንዱን፣ ትዝታ ማይነርን፣ በኖታ ጻፈልኝ፦ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ። ከዚያ "አሁን ከአራተኛዋ ጀምሪ" አለኝ፦ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። አምባሰል ሆነ! ያው አምስት ድምፅ ነው። የተቀየረው ቤቱ ነው፤ የሚነሳበትና የሚያርፍበት። 30 ዓመት ሁለቱን የማይገናኙ አድርጌ ስደረድር ኖሬ፣ በ20 ደቂቃ ገባኝ። አለቀስኩ። ልጨምር የምፈልገው ይኼን ነው። ለዚያ ሕፃን ማሰማትም፣ ማስረዳትም።

አባባ፣ ከውጫሌ፦
ላሲዶውን አላውቀውም። ነገር ግን እውነትሽን ነው። ከዚያኛው ትዝታ ወደ አምባሰል ስሻገር ክር አልነካም። እጄ ብቻ ነው ቦታ የሚለውጠው። ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከወልድያ፦
አባባ፣ ይኼ ያሉት በየትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው? የጀማ ንጉሥን መንዙማ ከነዜማው በኖታ የሚጽፈው ማነው? የ20 ዓመት ልጅ ከከተማ መጥቶ ይጽፈዋል፣ ይጻፍ። እሷ ግን ዜማውን ይዛ ነው የምትገባው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለው። እኔ በማውቀው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የስፖርት መምህሩ ነው። ሰውዬው ይለፋል፤ ግን ሙዚቃ አልተማረም። የባንኩ ወንድሜ፣ እሷ በ15 ዓመት ውስጥ ስንት ክፍል ልጅ ታስተምራለች? አስላው።

የኔ ሐሳብ ይኼ ነው። መምህራን በክረምት ዲግሪ ሲማሩ ኖረዋል። ሙዚቃም በክረምት ይሰጥ፤ ያውም ደሴ ላይ። ቤትም አይፈርስ፣ የልጅ ወንበርም አይነካ።

የባንክ ሠራተኛው፦
በክረምት ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። በመደበኛው ላይ ግን አቋሜ ያው ነው። ቦታው አንድ ከሆነና ሁለት እኩል የቻሉ ሰዎች ከመጡ ለልጁ ይሰጥ እላለሁ።

መምህርቷ፦
እኩል ከቻልን ለልጁ ይሰጥ፤ እኔም እቀበላለሁ። ዕድሜዬን አይቶ ሳይፈትነኝ እንዳይመልሰኝ ነው የምለው። እናታችን፣ ማታ ባሌን ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ክረምት ክረምቱን ከሆነ እችላለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ግን አልችልም" አለ። ፊቱም እንደዚያው ነበር። ስለዚህ የክረምቱን ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጃለሁ። የወሎ መምህራን ሆናችሁ መፈረም የምትፈልጉ ንገሩኝ።

አባባ፣ ከውጫሌ፦
አብሽሪ ልጄ። የኔን ስም አስቀድሚው፤ መምህር ባልሆንም። ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ክራርሽን ይዘሽ ነይ። ያቺን የወረደች ክር ከመሄድሽ በፊት ላሳይሽ።