«ኳየተር» ወይስ «ሞር ኳየት»? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። በእንግሊዝኛ የማወዳደሪያ ቃላት ላይ መላ ያጣሁለት ነገር አለና እርዱኝ።

መሠረቱ አልጠፋኝም። ባለ አንድ ሲላብል (የቃል የድምፅ ክፍል) ቅጽል መጨረሻው ላይ «ኧር» ይጨምራል፤ «ቶል» «ቶለር» ይሆናል። ረጅሙ ከፊቱ «ሞር» ያስቀድማል፤ «ሞር ኢንተረስቲንግ» እንደሚባለው። ሁለቱን ደርቦ «ሞር ቤተር» ማለት ስሕተት ሲሆን «ማች ቤተር» ግን ትክክል ነው፤ «ማች» ልዩነቱን ያጎላል እንጂ ሁለተኛ ማወዳደሪያ አይሆንም።

የሚያስጨንቀኝ መካከለኛው፣ ባለ ሁለት ሲላብሉ ነው። «ሃፒ» በ«ዋይ» ስለሚያልቅ «ሃፒየር» ይሆናል፤ «ኬርፉል» ደግሞ «ሞር ኬርፉል»። ታዲያ «ኳየት»፣ «ክሌቨር» እና «ፖላይት»ስ? በሁለቱም መንገድ ተጽፈው አገኛቸዋለሁ። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ የቱን ልምረጥ? በጽሑፍና በንግግር መካከልስ ልዩነት አለ?

ሌላው ተውሳከ ግስ ነው። «ፋስት» እና «ሃርድ» ያለ ክርክር «ፋስተር»፣ «ሃርደር» ይሆናሉ፤ «ኩዊክሊ» «ሞር ኩዊክሊ» ነው። ነገር ግን «ድራይቭ ስሎወር» የሚለውን ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ደጋግሜ እሰማለሁ፤ መደበኛው ጽሑፍ ደግሞ «ሞር ስሎውሊ»ን ይመርጣል። ፈተና ላይ «ስሎወር» ብጽፍ ነጥብ ይቀነስብኛል?

ደንቡን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም የምታውቁ ብታብራሩልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። በተለይ ፈተና የምታርሙ መምህራን፣ እናንተ የትኛውን እንደምትቀበሉ ንገሩኝ።